የባንኩ ገዥ ማንን ይገዛል?

ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ወደ እንጦጦ አቀበት ሲታጠፉ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለች አንዲት ጠባብ ግቢ አለች። እዚያ አንድ ሸማኔ ጎረቤቴ ይሠራሉ። ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው ወጥተው ጉለሌ ከገቡበት ቀን ጀምሮ እግራቸው ከጉድጓዱ፣ እጃቸው ከመወርወሪያው ተለይቶ አያውቅም። ሦስት መንግሥት አሳልፈዋል። ስለ ፖለቲካ ሲወራ አንገታቸውን ደፍተው ድራቸውን የሚያቀኑ ሰው ናቸው።

በቀደም ቅዳሜ ከበራቸው ቆሜ ሰላም ስላቸው፣ መወርወሪያውን አስቀመጡና አንዲት የወርቀ ዘቦ እንዝርት አንስተው አሳዩኝ።

«ይኸንን እያት እስቲ። ነጋዴውን ለምን ጨመርክ ስለው ‹ዶላር ጨመረ› ይለኛል። ባለፈው ጊዜም ‹ዶላር ጨመረ› ነው ያለኝ። እኔ ዶላር የሚባለውን ባይኔም አይቼው አላውቅ። አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ማነው ይኸን ዶላር የሚያዘው?»

«ብሔራዊ ባንክ ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ የተማረ ሰው ድምፅ አውጥቼ።

«እሱንስ ማነው የሚያዘው?»

ዝም አልኩ። ያላወቅሁ መስዬ ሳይሆን፣ የማውቀውን ለመናገር ጥቂት አፍሬ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያኔ ለተዋጠው መልስ ማካካሻ ይሁንልኝ።

የብሔራዊ ባንክ አለቃ በአማርኛችን «ገዥ» ይባላል። ግሩም ማዕረግ ነው። ገዥ ማለት የሚያስተዳድርም፣ የሚሸምትም ነው። የእኛው ባንክ ገዥ የማስተዳደሩን ነገር እንጃ እንጂ፣ የታዘዘውን ሲሸምት ግን ብዙ ዘመን አይተነዋል። ይህን የምለው በወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ለመዝለፍ አይደለም። ከመካከላቸው ሙያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ፣ በዝምታ ብዙ ክፉ ነገር የመለሱ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ጥያቄዬ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነው። ወንበሩ በምን ቆሟል? ሰውየው «አይሆንም» ቢል የሚደግፈው ሕግ የትኛው ነው?

ከትልቁ ሕግ እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ሲዘረዝር፣ ብሔራዊ ባንክን ያስተዳድራል፣ ገንዘብ ያትማል፣ የውጭ ምንዛሪን ይቆጣጠራል ይላል። «ያስተዳድራል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ።  አሁን ደግሞ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ወደ መጨረሻው ሂዱ። በአንቀጽ 101 ዋና ኦዲተር የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሆነ ተጽፏል። በአንቀጽ 102 የምርጫ ቦርድ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ተደንግጓል። በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን እንኳ የራሱ አንቀጽ ተበጅቶለታል። ሰውን የሚቆጥር፣ ድምፅን የሚቆጥር፣ የመንግሥትን ሒሳብ የሚቆጥር ሁሉ ሕገ መንግሥታዊ ጥላ ሲያገኝ፣ የእያንዳንዳችንን ብር ዋጋ የሚወስነው ተቋም ግን «ይተዳደራል» ተብሎ ታልፏል። አርቃቂዎቹ ረስተውት ነው እንዳልል፣ ባንኩን በስሙ ጠርተውታል። አስበውበት ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን? ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ አንባቢ አንዲት ደብዳቤ ላስታውሰው።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ለብሔራዊ ባንክ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ 38 ዓይነት ዕቃዎች ወደ አገር እንዳይገቡ የውጭ ምንዛሪ ይከልከሉ የሚል ነበር። የቤት አውቶሞቢል፣ ውስኪ፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ የመሳሰለው ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ባንኩም ታዘዘ። ንግድ ባንኮችም ታዘዙ። ኤል ሲ ይከፈትልኛል ብሎ ሰነዱን አሟልቶ፣ ወራት ወረፋ ጠብቆ ተራው ሲደርስ የነበረ አስመጪ በማግሥቱ ባዶ እጁን ቀረ።

እኔ ለውስኪና ለሽቶ ጠበቃ አይደለሁም። አገር በጦርነት ደምታ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ የምትገዛበት ዶላር አጥሯት ሳለ ሽቶ ይግባ ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ምናልባት ክልከላው ትክክል ነበር። ምናልባትም እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነበር። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ከዝርዝሩ ዓይንህን አንሣና የደብዳቤውን አናት ተመልከት። ላኪው ማነው? ተቀባዩስ? የውጭ ምንዛሪን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው ተብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ሳለ፣ ብር የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ብር ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ይጽፋል! የቤቱ በላተኛ ለጎተራ ጠባቂው «ይህን ስጥ፣ ያን ከልክል» ይለዋል! ባንኩ በራሱ ጥናት፣ በራሱ መመሪያ፣ በራሱ ፊርማ እነዚያኑ 38 ዕቃዎች ቢከለክል ኖሮ፣ ምክንያቱን ልንጠይቀው፣ ስሕተቱንም ልናሳየው እንችል ነበር። አሁን ማንን እንጠይቅ? ባንኩ «ታዝዤ ነው» ይላል፤ ሚኒስቴሩ «የምንዛሪ ጉዳይ የባንኩ ነው» ይላል። ተጠያቂነት በሁለት በር ገብቶ በሁለት በር ይወጣል።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚከነክነኝ በቁጥር ላስረዳ፤ ሒሳቡ የአምስተኛ ክፍል ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በባንክ መስኮት አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር። ከመስኮቱ ወጥቶ ጎማ ቁጠባ ጥግ ላይ ለቆመው ልጅ ቢያሳዩት ግን ከ110 ብር በላይ ያወጣ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው 100,000 ዶላር በባንክ ዋጋ ተፈቀደለት እንበል። የሚከፍለው 5 ሚሊዮን 700 ሺሕ ብር ነው። የያዘው ዶላር በመንገድ ላይ የሚያወጣው 11 ሚሊዮን ብር ነው። ልዩነቱ 5 ሚሊዮን 300 ሺሕ! ዕቃ ሳይጭን፣ መጋዘን ሳይከራይ፣ ላብ ሳያፈስ፣ በአንዲት ፊርማ። የውጭ ምንዛሪ ድልድል የሚባለው ቀዝቃዛ የቢሮ ቃል በተግባር ትርጉሙ ይኸው ነበር፤ ማን በአንድ ሌሊት ሀብታም እንደሚሆን መወሰን። እንዲህ ያለ ሥልጣን በእጁ ያለ ተቋም ደግሞ ከላይ በስልክ፣ ከጎን በደብዳቤ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ስጦታውን የሚያድለው ባንኩ ሳይሆን የስልኩ ባለቤት ነው ማለት ነው።

ስጦታው ከሰማይ አይወርድም። ቡና ልኮ፣ ሰሊጥ ልኮ፣ ቆዳ ልኮ ዶላሩን ካመጣው ሰው ተወስዶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ባንኮች ከሚያገኙት የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ በመመሪያ ታዘዙ። ሰባ በመቶ! በዚያ ላይ የሚያስረክቡት በመንግሥት ተመን ነው። ገበያው ግማሽ በሚለው ዋጋ ማለት ነው። ይህ ግብር ካልሆነ ግብር ማለት ምንድን ነው? ግብር ደግሞ የሚጣለው በሕዝብ ተወካዮች ክርክርና ድምፅ እንጂ በባንክ መመሪያ አልነበረም። የጅማና የሲዳማ ቡና አምራች፣ የሑመራ ሰሊጥ ዘሪ፣ ካረብ አገር በሰው ቤት እንጀራ የደመወዟን ግማሽ ለእናቷ የምትልክ ልጅ፣ ሳያውቁት ለማያውቁት ሰው ሲገብሩ ኖረዋል። (ልጅቷ እንኳ ነቅታ በሐዋላ ሳይሆን በሰው እጅ መላክ ጀምራለች። ያን ጊዜ «የአገር ጠላት» ተባለች።)

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ታሪክን ጥቂት ወደ ኋላ ልሂድበት፤ ምክንያቱም «የባንክ ነጻነት» የሚለው ቃል በእኛ አገር ጆሮ ሁልጊዜ ጣፋጭ አልነበረም።

የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከኢትዮጵያ መንግሥት ፍጹም ነጻ ነበር ማለት ይቻላል። ነጻ የሆነው ግን ለካይሮ አድሮ ነው። በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመ፣ ለ50 ዓመት የባንክ ሥራን በብቸኝነት እንዲይዝ ውል የተሰጠው ድርጅት ነበር። የገንዘብ ኖት የማውጣት መብትም የሱ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ውሉን ከፍለው አፍርሰው የኢትዮጵያን ባንክ ሲያቋቁሙ የተሰማው ደስታ ከልብ ነው፤ ልክም ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንጋቸውን ሊያለምዱን ሲያግባቡ እምቢ ተብሎ፣ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ወጣ። ስለዚህ ለአባቶቻችን ገንዘብን በመንግሥት እጅ ማድረግ ማለት ነጻነት ማለት ነበር። ይህን የማይረዳ ሰው ስለ ባንክ ነጻነት ሲሰብክ ቢውል የሚሰማው አያገኝም።

ችግሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። ከባዕድ እጅ የወጣው ገንዘብ ወደ ሕዝብ እጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ፣ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቀረ። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሲሆኑ፣ ቢያንስ አጥሩ ተተከለ፤ ገንዘብ የሚያትመውና ገንዘብ የሚያበድረው ተለያዩ። ያ ጥሩ ጅምር ነበር። ከዚያ አብዮቱ ደረሰ። ደርግ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችን ወረሰ። በዘመኑ ከነበሩት የባንክ ባለሙያዎች አንቱ የተባሉት፣ ብሔራዊ ባንክንም በገዥነት የመሩት ተፈራ ደግፌ ወኅኒ ወርደው ዓመታት አሳለፉ። የወንበሩ ሕጋዊ ዋስትና በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ የሚሻ አለ?

ምንዛሪውስ? ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተቸነከረ። ንጉሡ ወረዱ፣ ድርቅ መጣ፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሆነ፣ በሰሜን ጦርነት ሆነ፣ የቡና ዋጋ ወጣ ወረደ፣ ዳግመኛ ድርቅ መጣ፣ ደርግ ራሱ ወደቀ፤ ሁለት ከዜሮ ሰባት ግን አልተነቃነቀችም! ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ይህን ብርታት የሚሉ አሉ። አንድ ዶክተር የበሽተኛው ሙቀት እንዳይጨምር ብሎ ቴርሞሜትሩን በረዶ ውስጥ ቢያስቀምጥ ብርታት እንበለው? በጥቁር ገበያ ዋጋው ከእጥፍ አልፎ ሄዶ ነበር። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት አንድ ዶላር 5 ብር ነው ብሎ አወጀ። አንድ ሌሊት። ማታ በሁለት ብር የተኛ ሰው ጠዋት በአምስት ብር ነቃ።

ከዚያ ወዲህ የአነቃቃችን ነገር እንደዚያው ቀጠለ። ጨረታ መጣ፣ በ1994 ዓ.ም. የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ተባለ፣ ይሁን እንጂ ገበያ የተባለው በገመድ የታሰረ በግ ነበር። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ብሩ በአንድ ቀን ከ13 ተኩል አካባቢ ወደ 16 ብር ከ35 ተገፋ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በ15 በመቶ ወርዶ አደረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ ተባለና ከ57 ወደ 75 ብር ገደማ በዚያው ቀን ተሻገረ። ዓመት ሳይሞላውም ከቀድሞው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በየጊዜው ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለኢኮኖሚስቶች ልተው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሌሊቱ በፊት ያለው ቀን ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ አዳር ሲወጣ፣ ከመውጣቱ በፊት ስንት ሰው ያውቀዋል? ባንኩ ብቻ ከሆነ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ነገሩ በካቢኔ፣ በፓርቲ፣ በአማካሪ፣ በአበዳሪ ጠረጴዛ ላይ ዞሮ ከሆነ ግን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ብዙ ሰው ያወቀው ምሥጢር ደግሞ ወደ ጎማ ቁጠባ ለመድረስ ታክሲ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዬን ቃል ልስማ፤ ብልህ ተቃዋሚ አለኝና። እንዲህ ይላል፦ «እናንተ ጸሐፊዎች የሀብታም አገር ሕግ አንብባችሁ ትመጣላችሁ። እኛ ድሃ ነን። ዶላሩ ጥቂት ነው። ለኢንሱሊን ይሁን ለአውቶሞቢል የሚለውን መወሰን የፖለቲካ ሥራ ነው፤ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት እንጂ ማንም ያልመረጠው የባንክ ሠራተኛ ሊወስን አይገባውም።»

ቁም ነገር አለው። ግማሹን እቀበላለሁ። ኢንሱሊን ከአውቶሞቢል ይቅደም የሚለው በእርግጥ የፖለቲካ ምርጫ ነው። እንግዲያውስ የፖለቲካ ምርጫ እንደሚወሰን ይወሰን! ምክር ቤቱ ይሰብሰብ፣ የቅደም ተከተሉ ዝርዝር በአዋጅ ይውጣ፣ ባንኩ ያን አዋጅ ያስፈጽም። በደብዳቤ ግን አይሁን። የድሃ አገር ዶላር ጥቂት ስለሆነ ነው ጠባቂው ጠንካራ መሆን ያለበት። ሞልቶ የተረፈውን ማን ይጠብቃል? ከዚህም ሌላ፣ «ለመድኃኒት ቅድሚያ ይሰጣል» የሚለው መመሪያ በወረቀት ላይ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ የአንዲት ዘመዴን የስኳር መድኃኒት ፍለጋ ከጳውሎስ እስከ ፒያሳ ያሉትን ፋርማሲዎች በእግሬ አዳርሻለሁ። በየመስኮቱ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፦ «ዶላር የለም፣ አልገባም።» በዚያው ሳምንት ከፋርማሲዎቹ ፊት ለፊት ታርጋቸው ያልደበዘዘ ስንት አዲስ መኪና እንደቆመ ባልቆጥር ይሻለኝ ነበር፤ ቆጠርኩ ግን።

ሁለተኛው ተቃዋሚዬ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ነው። «የባንክ ነጻነት የአይ.ኤም.ኤፍ. ዜማ ነው» ይላል። እርግጥ ነው፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ቁጥር 1359/2017 ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር በተገባው የ3 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዶላር የብድር ስምምነት ከተያዙት የማሻሻያ ሥራዎች አንዱ ነበር። አዋጁን ላወድሰው የሚገባኝን ያህል ላወድሰው። የባንኩን ቀዳሚ ዓላማ የዋጋ መረጋጋት አድርጎታል። መንግሥት ከባንኩ በሚበደረው ላይ ገደብ አስቀምጧል። ከሱ በፊት የነበረው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ፣ ቁጥር 591፣ በቁጥር የተቀመጠ ጣሪያ አልነበረውም፤ ያለ ጣሪያ የተሠራ ቤት ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን የዋጋ ንረቱ አሳይቶናል። (ያ 2000 ዓ.ም. ለባንኩ ክፉ ዓመት ነበር። በወርቅ የተለበጠ ብረት እንደ ወርቅ ተቆጥሮ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተልኮ የተመለሰበት ዓመት ነው።)

ግን ይህን አዋጅ ለማግኘት የግድ ለቦንድ የሚከፈል 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ አጥተን፣ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በዓለም ፊት «መክፈል ያቃተው» መባል ነበረብን? የራሳችን ምሁራን፣ የራሳችን ነጋዴዎች፣ የራሳችን የባንኩ ሠራተኞች ሠላሳ ዓመት ሲሉት የኖሩት ነገር ከዋሽንግተን በፖስታ ሲመጣ ነው ወይ የተሰማው? በብድር ውል ምክንያት የወጣ ሕግ፣ ብድሩ ሲያልቅ ምን ይይዘዋል? ከቤተ መንግሥት ነጻ ሆኖ ለአበዳሪ የሚያድር ባንክ የአቢሲኒያ ባንክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ እኔ እሱን አልናፍቅም። የምናፍቀው ለሕዝብ ተወካዮች የሚናገር፣ በሕዝብ ፊት ሒሳቡን የሚዘረጋ ባንክ ነው።

አዋጅ በአዋጅ ይሻራል። የ1986ቱ ቁጥር 83 በ591 ተሻረ፤ 591 በ1359 ተሻረ። 1359ም በአንድ ከሰዓት በኋላ በእጅ ብልጫ ሊሻር ይችላል። ደግሞም አዋጁ በጸደቀ ዓመት ሳይሞላው፣ በ2015 ዓ.ም. የተሾሙት ገዥ ማሞ ምሕረቱ ወንበሩን ለቀቁ፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. በገንዘብ ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት እዮብ ተካልኝ ተተኩ። ሰው ሥራ ይለቃል፤ ለምን እንደለቀቁ አልመረምርም። ተተኪውንም በሥራቸው እንጂ በመጡበት በር አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከገንዘብ ሚኒስቴር እስከ ብሔራዊ ባንክ ያለው መንገድ እንዲህ አጭር ሲሆን፣ ትናንት ብድር ሲጠይቅ የነበረ እጅ ዛሬ ብድር ከልካይ ሲሆን፣ በመካከሉ አንዲት የማረፊያ ጊዜ እንኳ ብትኖር ምን ነበረበት ማለት ነውር አይመስለኝም።

ሕግ ብቻውን አይበቃም የሚለኝ ካለ፣ አውቃለሁ እለዋለሁ። ናይጄሪያ ጥሩ ሕግ ነበራት። ፕሬዚዳንቱ የማዕከላዊ ባንክን ገዥ ለማንሣት የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል ይላል ሕጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ገዥው ላሚዶ ሳኑሲ ከነዳጅ ሽያጭ ወደ አገሪቱ ካዝና ያልገባ 20 ቢሊዮን ዶላር አለ ብለው ተናገሩ። ፕሬዚዳንት ጉድላክ ጆናታን ምን አደረጉ? አላነሷቸውም፤ «አገዷቸው»! ማንሣት ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል፣ ስለ ማገድ ግን ሕጉ ምንም አላለም። የቱርኩ መሪም እንዲሁ ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ሦስት ገዥዎችን አሰናበቱ፤ የመጨረሻው ወለድ ከፍ ባደረጉ በሁለተኛው ቀን በእኩለ ሌሊት ድንጋጌ ተነሡ። ሰኞ ገበያ ሲከፈት የቱርክ ሊራ ያየው አበሳ ለጠላት አይስጥ። ከዚህ የምማረው ሕግ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ግድግዳ ማቆም ከንቱ ነው የሚለውን ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 231 ላይ ማዕከላዊ ባንኳ በማንም ሰው ወይም ባለሥልጣን ትእዛዝ ሥር እንደማይሆን ጽፋለች። የኬንያ ሽልንግ አልታመመም አልልም። ታምሟል። ሐኪሙን በደብዳቤ ማዘዝ ግን ከበደ።

እንግዲህ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚባለው ዓይነት ነጻነት ይብቃን። ገዥው የሚሾመውም የሚነሣውም ምክንያቱ በአዳባባይ ተነግሮ፣ በምክር ቤት ተከራክሮ ይሁን፤ ማገድ፣ ማዛወር፣ «ለሌላ ኃላፊነት መታጨት» የሚሉ የጓሮ በሮችም በሕጉ ተጠቅሰው ይዘጉ። ከማንኛውም ሚኒስቴር ወደ ባንኩ የሚጻፍ የምንዛሪ ትእዛዝ፣ የግድ መጻፍ ካለበት፣ በዚያው ሳምንት በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ፤ ያልወጣ ትእዛዝ ባንኩን አያስገድድ። አሁን ተመኑ ለገበያ ተለቅቋል ቢባልም ባንኩ ዶላር በጨረታ ይሸጣል፣ መመሪያ ያወጣል፣ ይቀጣል፣ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ማን ስንት እንደወሰደ ስሙና መጠኑ ይታተም። የድሮውንም ቢሆን። በ57 ብር ዘመን በየዓመቱ ማን ስንት ዶላር ለምን ዕቃ ተፈቀደለት? መዝገቡ ባንኩ ውስጥ አለ። ዋና ኦዲተሩ ገብቶ ይቁጠረው፣ ለምክር ቤቱ ያንብበው። ሕገ መንግሥቱን የማሻሻል ነገር አንድ ቀን ከተነሣ ደግሞ፣ ከሰንደቅ ዓላማና ከክልል ወሰን ክርክር መካከል አምስት ደቂቃ ተወስዶ ያች «ያስተዳድራል» የምትለዋ ቃል ትታይ። ብዙ ጠየቅኩ?

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ስቀመጥ፣ መጽሔታችን የምትታተምበት ወረቀትም በዶላር እንደሚገባ፣ አታሚውም ዋጋ ጨምሬያለሁ ማለቱ ትዝ አለኝ። የኔው ጉዳይ ነው ለካ። ትናንት ማታ ሸማኔው ዘንድ ሄጄ የተዋጠውን መልስ ነገርኳቸው። ባንኩን የሚያዘው ማን እንደሆነ፣ ደብዳቤውን፣ ሠላሳ ስምንቱን ዕቃ፣ ሁለት ከዜሮ ሰባትን ሁሉ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሁለት ከዜሮ ሰባትን ያስታውሷታል፤ ያኔ አንዲት ኩታ በስንት ይሸጡ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወርቀ ዘቦዋን ከጥለቱ አውጥተው በቦታዋ ቢጫ ክር ገቡባት።

«በዚህ ይሆናል» አሉ፣ «ከሩቅ ሲያዩት አይለይም።»